ጥሬና ብስል

የእርዳታ ሠራተኞች ምግብን ለሁለት ይከፍሉታል፤ «ደረቅ» እና «እርጥብ» ይሉታል። ደረቁ ስንዴው፣ ክኩና ዘይቱ ነው፤ በወር አንዴ ተሰፍሮ ይታደላል። እርጥቡ በስሎ የሚቀርበው ነው፤ ንፍሮ፣ ገንፎ፣ ሾርባ፣ ሲገኝም እንጀራ በወጥ። እናቶቻችን ቢጠየቁ «ጥሬና ብስል» ብለው በሁለት ቃል ይገላግሉን ነበር።

በአገራችን ለብዙ ዓመታት የቆየው የጥሬው ልክ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1 ኪሎ ተኩል ጥራጥሬ እና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው። ለቀን ሲካፈል ግማሽ ኪሎ እህል ይደርሳል። ሒሳቡ አያስወቅስም። ነገር ግን ሒሳቡን የሠራው ሰው ስለ ተቀባዩ አስቀድሞ የገመታቸው ነገሮች አሉ፦ ድስት እንዳለው፣ ማገዶና ውኃ ቅርቡ እንደሆነ፣ ለወፍጮ የሚከፍለው እንደማያጣ፣ ምጣድ የሚጣድበት ጥግ እንዳለው። በአጭሩ ቤት አለው ብሎ ገምቷል። ሌሊት ልጅ አዝሎ፣ በር ሳይዘጋ የወጣ ሰው ግን የቸገረው እህሉ ብቻ አይደለም። ስንዴው ሲሰጠው ከስንዴው ቀንሶ ይሸጣል፤ ለወፍጮ፣ ለእንጨት፣ ለጨው። ግማሽ ኪሎው ከአፉ ሳይደርስ ይጎድላል።

የተፈናቃይ ወጥ ቤት የተፈጠረው በዚህ ክፍተት ነው። የተቋም ታሪክ ብለን ስንጽፍ ብዙውን ጊዜ መሥራች፣ ማኅተምና የምሥረታ በዓል እንፈልጋለን። ይህ ተቋም አንዳቸውም የሉትም። በጥድፊያ ይከፈታል፣ በእፎይታ ይዘጋል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ማንም የቀደመውን እንዳላየ ሰው እንደገና ከጉልቻ ይጀምራል። ታላላቆቹ የእርዳታ ድርጅቶችም ሆኑ መንግሥታት አይወዱትም። የማይወዱበት ምክንያት ከንቱ አይደለም፤ ቦታው ሲደርስ እመለስበታለሁ።

ከመሥሪያ ቤት በፊት ግቢው ነበር። የቤተ መንግሥቱ ወጥ ቤት፣ እንጀራ ቤት፣ ጠላ ቤት፣ ጠጅ ቤት እያንዳንዱ ኃላፊና ሥርዓት ነበረው፤ ዛሬ «ሎጂስቲክስ» የምንለው ሁሉ እዚያ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ መባቻ ያሠሩት የግብር አዳራሽ በአንድ ጊዜ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ያበላ ነበር። ግብር ግን ለተራበ የታሰበ አልነበረም፤ ለሠራዊቱና ለባለሟሉ ነው። ድሃው የሚደርሰው ከትርፉ ነው። የነዳያን ማዕድ ሌላ ቦታ ነበር፦ ከሰንበቴው፣ ከማኅበሩ ዝክር፣ ከተዝካሩ፣ በሙስሊሙ በኩል ደግሞ ከሰደቃው። እነዚህ ሁሉ የሚያቀርቡት ብስል ነው። በደጀ ሰላም ወይም በመስጊድ በር ጥሬ ስንዴ ሰፍሮ የሚሰጥ ዝክር ወይም ሰደቃ ብርቅ ነው። ባህሉ የሚያውቀው የበሰለ ምጽዋት ነው፤ የሚበላው እዚያው፣ ያበላው ሰው እያየው ነው።

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም የዘለቀው ክፉ ቀን ይህን ሁሉ ፈተነው። ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ባስገቧቸው ከብቶች የመጣው የከብት እልቂት በሬውን ጨረሰ፤ አገሪቱ ከነበራት ከብት ከአሥሩ ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ሲጠፋ ማረሻው ቆመ። ድርቁ፣ አንበጣው፣ ተምቹና አይጡ ተከታተሉ። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር ሕዝቡ ያለ በሬ እንዲያርስ አርአያ ሆነዋል፤ ከግቢው ጎተራም ለረሃብተኛው እህል አስወጥተዋል። ግን የግቢ ማዕድ አንድ ጉድለት ነበረው፤ ምግቡ አንድ ቦታ ይቀመጣል፣ ረሃብተኛው ይሄዳል። እንጦጦ የደረሰ ይበላል። ያልደረሰው መንገድ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የመጡት መመገቢያዎች ሁሉ ይህን ጉድለት ወርሰዋል።

ሌላው ወራሽ እድር ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ተስፋፍቶ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ሥር የሰደደው ይህ የቀብር ማኅበር ለሞት ያዘጋጀው ዕቃ ለስደትም ሆኖ ተገኘ። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ለመቶ ሰው ወጥ የሚወጣበት ብረት ድስት፣ የረዘመ ማማሰያ፣ በሺህ የሚቆጠር ሳህን። ከሁሉ በላይ ደግሞ በአንድ ጥሪ የሚሰበሰቡ፣ ማን ሽንኩርት እንደሚከትፍና ማን እሳት እንደሚይዝ ሳይነገራቸው የሚያውቁ ሴቶች። የአደጋ ጊዜ ወጥ ቤት ለማቋቋም መመሪያ የሚያወጡ ባለሙያዎች ይህን ሁሉ በዶላር ሲተምኑ አይቼ ስቄያለሁ፤ የሰፈሩ እድር መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበት የተቀመጠ ንብረት ነው።

መንግሥት ወደ ድስቱ የቀረበው በ1965 ዓ.ም የወሎ ረሃብ ነው፤ ያውም ተጎትቶ። በየካቲት 1965 ወደ 1,500 የሚጠጉ ገበሬዎች አቤት ለማለት ወደ አዲስ አበባ በእግር መጥተው ፖሊስ ከከተማዋ መግቢያ መለሳቸው። በሚያዝያ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ደርሰው ያነሡት ፎቶግራፍ ለተማሪው ታየ። በዚያ ጊዜ ሁሉ ረሃብተኛው ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ ወደ አሥመራ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር እየተሰበሰበ ነበር። መንገድ ዳር የተሰበሰበበት ምክንያት ቀላል ነው፤ መኪና ባለበት ምግብ ይኖራል ብሎ ነው። መጠለያዎቹ የተተከሉት ሕዝቡ በተኛበት እንጂ ለመጠለያ በሚመች ቦታ አልነበረም። እና በመጠለያዎቹ ብዙ ሰው ያለቀው በረሃብ ብቻ አይደለም፤ ተቅማጥ፣ ኩፍኝና ተስቦ ጨረሱት።

ጥቅምት 1966 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም በለንደን ቴሌቪዥን ታየ። ደርግ ይህንኑ ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967፣ ንጉሠ ነገሥቱን ከማውረዱ በፊት በነበረው ምሽት፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው፤ ያውም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እያፈራረቀ። ለዘመናት የንጉሥ ክብር የሆነው ማብላት በአንድ ሌሊት የንጉሥ ወንጀል ሆነ። የግብሩ አዳራሽና የወሎው መጠለያ በአንድ መስኮት ጎን ለጎን ሲታዩ ሌላ ክስ አላስፈለገም።

በ1966 የተቋቋመው የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ድስቱን በሠራተኛና በደመወዝ ለመያዝ የሞከረ የመጀመሪያው ቋሚ መሥሪያ ቤት ነው። በዚሁ ዘመን በየመጠለያው አንድ አዲስ ምግብ ይዞር ጀመር። በስዊድን እርዳታ በ1950ዎቹ የተጀመረው የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል ስንዴን ከሽምብራ ዱቄትና ከወተት ዱቄት ጋር አዋሕዶ የሠራው ነው። ስሙን «ፋፋ» አሉት። ሌላው ዓለም ለእርዳታ ምግቦቹ የፊደልና የቁጥር ስም ሲያወጣ፣ የእኛዎቹ ልጅ ሲወፍር እናት የምትለውን ግስ መረጡ። በእኔ አስተያየት የእርዳታ ታሪካችን ካወጣቸው ስሞች ሁሉ ደግ እሱ ነው።

ከዚያ 1977 መጣ።

ኮረም ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። በጥቅምት 1977 ወደ 40,000 ሰው ዙሪያዋን ሰፍሮ ነበር። መሐመድ አሚን የቀረጸው፣ ማይክል ቡርክ የተረከው የቢቢሲ ዘገባ ጥቅምት 13 ሲተላለፍ ዓለም ያየው ያንን ሜዳ ነው። (ደርግ አሥረኛ ዓመቱን በድግስና በሰልፍ ካከበረ ገና ሁለት ወር አልሞላም። ያን ፊልም ከድግስ ጋር ያፈራረቀው መንግሥት ነው።) ያ ዘገባ ብዙ ተጽፎበታል። በሜዳው ላይ ስለነበረው ወጥ ቤት አሠራር ግን ትንሽ ነው የተባለው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ለሁሉም የሚበቃ ምግብ ስለሌለ ልጆች ይመዘናሉ፣ ቁመታቸው ይለካል። ክብደቱ ለቁመቱ ከሚገባው ከመቶ 80 በታች የወረደ ልጅ ተጨማሪ ምገባ ውስጥ ይገባል፤ ከ70 በታች የወረደው ደግሞ በየጥቂት ሰዓቱ እየተቀሰቀሰ ከሚመገብበት ክፍል። የተመረጠው ልጅ እጁ ላይ መለያ ይታሠርለታል። ከሸራና ከቆርቆሮ በተሠራ ግቢ ውስጥ ረድፍ ይዞ ይቀመጣል፤ ገንፎው ወይም በወተት የተበጠበጠው ምግብ በኩባያ ይሰጠዋል፤ እዚያው ይጠጣል። ይዞ መውጣት አይቻልም። ሕጉ ያለ ምክንያት አልወጣም፤ ኩባያው ከአጥሩ ከወጣ ለአራትና ለአምስት ይከፈላል። ታዲያ ከአጥሩ ውጭ የቆሙት እነዚያው አራትና አምስቱ ናቸው። አንዷ እናት ክብደቱ 79 የሆነውን ልጇን ይዛ ስትገባ 81 የሆነውን ውጭ ታቆማለች። የዳነው ልጅ ደግሞ ክብደቱ ሲስተካከል ይሰናበታል፤ ወደ ጥሬው ድርሻ ይመለሳል፣ ጥሬው በሌለበትም ወደ ምንም።

መቀሌ ላይ በዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል መመገቢያ የሠራችው ነርስ ክሌር በርትሺንገር ከአንድ ሺህ በላይ ተሰልፈው ከሚጠብቁ ሕፃናት መካከል ከ60 እስከ 70 የሚሆኑትን ብቻ መምረጥ የነበረባትን ቀን ከዓመታት በኋላ ስትናገር፣ ለሕይወት ሳይሆን ለሞት የመረጥኩ ያህል ይሰማኛል የሚል መንፈስ ነበረው ንግግሯ። ይህ የአንዲት ነርስ ጭካኔ ወይም ድካም አይደለም፤ ቦታ ያለው ለ60 ሰው ሆኖ ሺህ ሰው ሲመጣ የትኛውም ወጥ ቤት የሚሆነው ነው። በግቢው ዘመን አጋፋሪው በር ላይ ቆሞ ማን እንደሚገባ ይለይ ነበር። አጋፋሪው አሁን ሚዛን ያዘ።

መጠለያው ይስባል፣ የሳበውን ያጨናንቃል፣ የተጨናነቀውን ይገድላል። ኮረም ላይ ተስቦና ግርሻ ቅማል ተሸክሟቸው ከጎጆ ወደ ጎጆ ዞሩ፤ ብርዱ ቀሪውን ሠራ። ድርጅቶች የበሰለ ምግብን የሚፈሩት ለዚህ ነው። ብስል ለማግኘት በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ከድስቱ አጠገብ መገኘት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ሰው አገሩን ጥሎ ይመጣል፣ ማሳው ዝናብ ቢያገኝ እንኳ የሚዘራው አይኖርም። ጥሬው ግን ወደ ቀበሌው ሊላክ ይችላል። ምክንያቱ ትክክል ነው ያልኩት ይህን ነው።

ሁለተኛም አለ፤ ሰው የተሰበሰበበት ቦታ ለሥልጣን ይመቻል። በ1977 እና 78 ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜን ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋና ወደ መተከል ሲሰፍር፣ ከፊሉ የተሰበሰበው ከመመገቢያዎቹ ደጃፍ ነው። ያልፈለገ ምግብ እንደሚከለከል የተነገረበት፣ ጭራሽ በወታደር የተጫነበትም አለ። ሰው መኪናውን ፈርቶ ከድስቱ ይሸሽ ጀመር። በሚያዝያ 1977 መጨረሻ ደግሞ በጎንደር ክፍለ ሀገር የነበረው የእብናት መጠለያ ባዶ እንዲሆን ታዘዘ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ወደ መጣበት እንዲመለስ ተገድዶ ጎጆው ተቃጠለ፤ ብዙው ገና መራመድ ያቃተው ነበር። ዓለም ሲጮህ መንግሥት የአካባቢ ሹሞች ስሕተት ነው አለ። የክረምቱ ዝናብ እየቀረበ ስለነበር ገበሬው ወደ ማሳው ቢመለስ መልካም ነበር። ግን ድስት የሚዘጋው የተመጋቢው ጉልበት ተመልሶ መሆን ሲገባው የሹሙ ትዕግሥት ስላለቀ ሆነ።

ይህ ችኮላ የእኛ ብቻ አይደለም። በአየርላንድ የድንች ረሃብ ጊዜ የብሪታንያ መንግሥት በ1847 እ.ኤ.አ. የሾርባ ቤቶችን ከፍቶ በሐምሌ ወር በየቀኑ 3 ሚሊዮን ሰው ያበላ ነበር። በዘመኑ እንዲህ ያለ ነገር ያደረገ መንግሥት የለም ማለት ይቻላል። ደብሊን ላይ ስመ ጥሩው ወጥ ሠሪ አሌክሲስ ሶየር ያቋቋመው ሞዴል ወጥ ቤት መቶ መቶ ሰው በደወል እያስገባ በደወል ያስወጣ ነበር፤ ማንኪያው ከገበታው ጋር በሰንሰለት ታሥሮ ነበር። በዚያው ዓመት መኸር ላይ ሥራው ሰምሯል ተብሎ ሁሉም ተዘጋ። ረሃቡ ግን ገና ዓመታት ቀርተውት ነበር።

ከ1977 በኋላ የተጻፈው የአገራችን ፖሊሲ በኮረም ጥላ ሥር የተጻፈ ነው። በ1986 ዓ.ም የወጣው የአደጋ መከላከል ፖሊሲ መጠለያን መሸሽን፣ እህልን ወደ ቀየ ማድረስን፣ መሥራት የሚችል ሰው ሠርቶ እንዲቀበል ማድረግን መርሑ አደረገ። በ1997 ሴፍቲኔት ሲጀመር መንገዱ ተጠናከረ። አንድ ጊዜ ብቻ የድሮው መንፈስ ተመለሰ፤ በ1992 በጎዴ። ለአርብቶ አደሩ መመገቢያ የተከፈተው በከተማው ዙሪያ ነበርና ከብቱ ያለቀበት ሁሉ ወደዚያ ጎረፈ። በኋላ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ከአምስት ዓመት በታች ከሞቱት ሕፃናት 22 በመቶው የሞቱት በኩፍኝ፣ ብቻውን ወይም ከክሳት ጋር ተዳምሮ ነው። ከተመዘገበው ሞት 77 በመቶው ደግሞ ዋናው እርዳታ ከመድረሱ በፊት የደረሰ ነው። ዘግይቶ የመጣ ድስት ሰው ሰብስቦ ኩፍኝ አካፈለው ማለት ነው።

በማግሥቱ ዓመት ሐድያ ውስጥ ባደዋቾ ወረዳ ሌላ ነገር ተሞከረ። በጠና የተጎዱ ልጆች መጠለያ ሳይገቡ፣ በየሳምንቱ እየታዩ፣ እናቶቻቸው ቤት ወስደው የሚመግቧቸው የኦቾሎኒ ለውስ ተሰጣቸው። ከፈረንሳይ የመጣው ይህ ለውስ ውኃም እሳትም አይሻም፤ ከረጢቱ ተቀዶ ይበላል። ሙከራው ተሳካ፤ በ2007 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ለዓለም ሁሉ ደንብ አደረጉት፤ አዲስ አበባ ላይም ይመረት ጀመር። እንግዲህ ጥሬም ያልሆነ ብስልም ያልሆነ ሦስተኛ ምግብ ተገኘ። የሕፃናቱን ክፍል ሞት የቀነሰው ይህ ነው፤ ከእንግዲህ እናት ልጇን ይዛ ለሳምንታት በድንኳን መታጎር አልነበረባትም። ያኔ ብዙ ባለሙያ ትልቁ ድስት ወደ ሙዚየም ሄደ ብሎ ሳያስብ አልቀረም።

ፖሊሲው ግን የተጻፈው ለድርቅ ነው። ድርቅ ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ሰውየውም ቢርበው ቤቱ ነው፣ ጥሬ ቢልኩለት ያበስላል። ጦርነት ሰውን ከቤት ያስወጣል። በ2010 ዓ.ም በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ሲፈናቀል፣ በዚያው የፈረንጅ ዓመት ኢትዮጵያ በግጭት ምክንያት በ2.9 ሚሊዮን አዲስ መፈናቀል ከዓለም አንደኛ ስትሆን፣ ሰዉ የተጠለለው በትምህርት ቤት፣ በቤተ ክርስቲያንና ባላለቀ ሕንፃ ውስጥ ነው። በአንድ መማሪያ ክፍል ብዙ ቤተሰብ፣ ጉልቻ የሚቀመጥበት መሬት የሌለው። ከመጋዘን ወጥቶ፣ ተመዝግቦ፣ ተጭኖ ስንዴው እስኪመጣ ድረስ ያሉትን ቀናትና ሳምንታት ያሻገረው የጎረቤት እንጀራ ነው።

መቀሌም እንዲሁ ሆነ። በ2013 ከምዕራብ ትግራይ ተፈናቅለው በየትምህርት ቤቱ የሰፈሩትን መጀመሪያ ያበሉት የከተማው ነዋሪዎች ናቸው፤ እንጀራውን በመሶብ፣ ወጡን በድስት ይዘው እየገቡ። ከዚያ ባንክ ተዘጋ፣ ደመወዝ ቆመ፣ መንገድ ተቆረጠ፤ ያበሉት ራሳቸው ተራቡ። ደሴ ደግሞ በ2013 ክረምት ከሰሜን ወሎ የመጣውን ሕዝብ ተቀብላ ስታበላ ቆይታ፣ በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደጇ ሲደርስ ያበላውም የበላውም በአንድ መንገድ ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ወደ ደብረ ብርሃን ተሰደደ። ትናንት ጭልፋ ይዛ የነበረች ሴት ዛሬ ሳህን ይዛ ተሰለፈች። «የሰው ፊት እሳት ነው» የሚባለውን የሚያውቀው በሁለቱም ወገን የቆመ ሰው ነው።

ይህን መሰል ወጥ ቤት ያልሠራ ሰው ችግሩ ገንዘብ ብቻ ይመስለዋል። እንጀራን እንውሰድ። አንድ እንጀራ ምጣዱን ከማሰስ እስከ ማውጣት ሦስት ደቂቃ ይፈጃል ብንል፣ ለ2,000 ሰው አንድ አንድ ለማድረስ 6,000 ደቂቃ፣ ማለትም 100 ሰዓት ይጠይቃል። አሥር ምጣድ፣ አሥር ጋጋሪ፣ አሥር ሰዓት፣ ያለ ዕረፍት፤ ያውም ለአንድ ጊዜ ምሳ። ሊጡ ቀድሞ ባይቦካስ? ለዚህ ነው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ምግብ ሁልጊዜ ዳቦ፣ ብስኩት፣ ንፍሮ፣ ከዚያ ሩዝና መኮሮኒ የሚሆነው። ተፈናቃዩ «እንጀራ ናፈቀኝ» ሲል አማርጦ እንዳይመስላችሁ፤ አምስት ሳምንት መኮሮኒ የበላ ገበሬ የሚናገረው ነው። ማገዶውም አለ፤ የኢትዮጵያ ቤተሰብ ከሚፈጀው የኃይል ምንጭ ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ የሚሄደው እንጀራ ለመጋገር እንደሆነ ይገመታል። መጠለያ በተተከለ በጥቂት ወር ውስጥ ዙሪያው ጫካ የሚራቆተው በዚህ ነው።

ጾምና ሥጋም አለ። ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ሸራ ሥር በሚያድርበት የወሎ መጠለያ ድስቱ ውስጥ ሥጋ ከገባ የማን ቢላ አረደው የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ቅቤ ከገባ ረቡዕና ዓርብ አለ። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ሽሮ ወይም ምስር፣ በዘይት፣ ለሁሉም። አንድ ዓመት ሙሉ የጾም ወጥ የሚበላ ሕዝብ ማለት ነው፤ ግን ማንም ሳይቆጠብ ከአንድ ድስት ይበላል። አርብቶ አደሩ ጋ ደግሞ ጥያቄው ሌላ ነው። አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች በከሸፉበት ከ2013 እስከ 2015 ባለው ድርቅ ከብታቸው አልቆ ቦረና ውስጥ ዱብሉቅ ለሰፈሩት፣ በሶማሌ ክልልም ለተፈናቀሉት፣ ምግብ ማለት በዋናነት ወተት ነበር። ጥሬ ስንዴ ለማያስፈጭ፣ ለማይጋግር ሰው መስጠት ሁለት ጊዜ ባዳ ማድረግ ነው። በቦረና «ቡሳ ጎኖፋ» የሚባለው የመረዳጃ ሥርዓት ከብቱ ያለቀበትን ጎሳው ከብት አዋጥቶ የሚያቆምበት ነው፤ በቅርብ ዓመታት የኦሮሚያ ክልል ስሙን ወስዶ የመንግሥት ተቋም አድርጎታል። የቀድሞው ሥርዓት ለጎደለበት ሰው የሚሰጠው ጥሬም ብስልም ሳይሆን ላም ነው።

በሰኔ 2015 የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅትና የዓለም የምግብ ፕሮግራም ለመላ አገሪቱ የሚሰጡትን የእህል እርዳታ አገዱ፤ በትግራይ ቀደም ብሎ ቆሞ ነበር። ምክንያቱ ስንዴው በገበያና በዱቄት ፋብሪካ መገኘቱ ነው። አጠቃላይ እደላው የተመለሰው በ2016 ኅዳርና ታኅሣሥ ገደማ ነው፤ በመካከሉ ወራት በመጠለያዎች ሰው በረሃብ ሞቷል። ተቀባዩ ባልሠራው ጥፋት የተቀጣበትን ያን ውሳኔ ለማድነቅ ይቸግረኛል። ከሁሉም የገረመኝ ግን በዚያ ክርክር ማንም ያላነሣው ነገር ነው። ስንዴ ይሸጣል፣ ይከዘናል፣ ድንበር ይሻገራል። ገንፎ ማን ይሰርቃል? ቢሰርቅስ ለማን ይሸጣል? ለአርባ ዓመት በብስል ምግብ ላይ የተቆጠረው ጉድለት፣ ቶሎ የሚበላሽና ቦታ የማይለውጥ መሆኑ፣ በዚህ በኩል ሲታይ ቁልፍ ነበር።

ከተማው ግን በራሱ መንገድ ወደ ድስቱ ተመልሷል። አዲስ አበባ በ2012 የትምህርት ዘመን የተማሪዎች ምገባን በመንግሥት በጀት አስፋፍታ ብዙ ሺህ እናቶችን በማብሰል ሥራ ቀጠረች፤ በ2014 ደግሞ አቅም ለሌላቸው ነዋሪዎች ተስፋ ብርሃን የተባሉ ማዕከላትን ትከፍት ጀመር። «ምገባ» የሚለው ቃል ጆሮዬን አሁንም ይቆረቁረዋል፤ በጥንቱ ቋንቋ ሰው ሰውን ያበላል እንጂ አይመግብም፣ መመገብ ለሕመምተኛና ለሕፃን ነው። ቃሉ ቢከብደኝም ማዕከሎቹ የተማሩት ነገር አለ፤ የቋሚ ወጥ ቤት ሠራተኛ አደጋ ሲመጣ የሚጠራ ሠራዊት ነው። ይህ ሠራዊት ተፈናቃይ ወዳለበት ወደ ሰሜን ሸዋም ሆነ ወደ ወሎ የሚዘምትበት ሥርዓት ግን አልተዘረጋለትም።

ድንበር ማዶ ሱዳኖች በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ጦርነት ሲነሣባቸው ከደርቪሾች ማረፊያ ስሙን የወሰደውን «ተካያ» በየሰፈሩ አቋቋሙ፤ የሚያበስሉት ጎረቤታሞች ናቸው፣ ገንዘቡ በስልክ ይላካል። በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አሜሪካ እርዳታዋን ስታግድ አብዛኞቹ ተዘጉ። ከዚያው አገር አንድ ስም የኛም ታሪክ ነው፤ ኡም ራኩባ። በ1976 እና 77 ከኢትዮጵያ የሸሹት፣ በተለይ ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ የወጡት ቤተ እስራኤላውያን፣ ብዙ ወገናቸውን የቀበሩበት መጠለያ ነው። በኅዳር 2013 ከትግራይ ለሸሹት እንደገና ተከፈተ።

ወሎም እንዲህ ያለ መመለስ አይቷል። ከምዕራብ ወለጋ በ2013፣ በተለይም በ2014 ከደረሰው ግድያ በኋላ ተፈናቅለው በሐይቅ አጠገብ በቱርክ ካምፕ፣ በሐብሩ በጃራ የሰፈሩት ሰዎች ወደ ማያውቁት አገር አልመጡም፤ የብዙዎቹ አያቶች በ1977 ከዚሁ ከወሎ ተጭነው የሄዱ ናቸው። ያኔ በመዝገቡ «ሰፋሪ» ተባሉ፤ የልጅ ልጆቻቸው አሁን «ተፈናቃይ» ተብለዋል። የወር ድርሻቸው ሲመጣ 15 ኪሎ ስንዴ ነው። ከሱ ላይ ቀንሰው ለወፍጮ ይሸጣሉ።